የቆየ ኮምፒዩተር ካሜራ ሲንቀራፈፍና ሲደበዝዝ

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ጉዳይ ለአንዳንዱ አንባቢ ተራ ነገር መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን በገንዳ ውኃ፥ በኮኪት ወይም በመተማ ዮሐንስ ተቀምጦ የጥናት ጽሑፉን በቪዲዮ ለመምህራኑ ለሚያስረዳ፥ ወይም ለሥራ ፈተና ለሚቀርብ ጓደኛችን ተራ ነገር አይደለም። ፊቱ ደብዝዞ፥ ከንፈሩም ከድምፁ ኋላ ቀርቶ ሲታይ፥ የሚያውቀውን እንደማያውቅ ሊያስቆጥርበት ይችላል። በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. በኮቪድ 19 ምክንያት ትምህርት ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች ከተዘጉ ወዲህ እንዲህ ያለው ግንኙነት እየተለመደ ስለ መጣ፥ ነገሩን በቅደም ተከተል ማጥናት ይገባናል።

ምስሉ ሲበላሽ ብዙዎቻችን ወዲያው አዲስ ካሜራ ለመግዛት እናስባለን። ይህ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ነው። ብዙውን ጊዜ የሚጎድለው ካሜራ ሳይሆን ብርሃን ነው፤ ወይም በማሽኑ ላይ የተጫነው ሥራ በዝቷል፤ ወይም ማሽኑ ግሏል።

1ኛ፤ ጥፋቱን መለየት። ከሁሉ አስቀድሞ ኢንተርኔቱን ዘግተን የኮምፒዩተሩን የካሜራ ፕሮግራም እንክፈትና እጃችንን በፊቱ እናወዛውዝ። ምስሉ እጃችንን ሳይዘገይ ከተከተለ፥ ጥፋቱን ከኔትወርኩ ወይም ከመነጋገሪያው ፕሮግራም ዘንድ እንፈልግ። ኢንተርኔት ሳይኖርም የሚንቀራፈፍ ከሆነ ግን ጥፋቱ ከራሱ ከማሽኑ ወይም ከክፍላችን ነው።

2ኛ፤ ብርሃን። ካሜራው በሴኮንድ 30 ምስል ለማንሣት ለእያንዳንዱ ምስል ያለው ጊዜ ቢበዛ የሴኮንድ አንድ ሠላሳኛ ነው። ክፍሉ ሲጨልም ግን በቂ ብርሃን ለመሰብሰብ ጊዜውን ያረዝማል። ወደ አንድ አሥራ አምስተኛ ካረዘመው በሴኮንድ ከ15 ምስል በላይ ሊያነሣ አይችልም፤ በዚያም ጊዜ ውስጥ ፊታችን ስለሚንቀሳቀስ ምስሉ ይደበዝዛል። እንግዲህ መዘግየቱም መደብዘዙም ከአንድ ምክንያት ሊመጡ ይችላሉ ማለት ነው።

በቆላው አገር ይህ ችግር ይበረታል፤ ፀሐዩን ለመከላከል መስኮት ስለሚዘጋ ቤቱ በቀትርም ጨለማ ነው። በሩን ከፍቶ ጀርባን ለበሩ መስጠትም አይረዳም፤ ካሜራው በስተኋላ ያለውን ብርሃን አይቶ ፊታችንን ያጠቁረዋል። ስለዚህ ፊታችንን ወደ በሩ አዙረን በጥላው ውስጥ እንቀመጥ። ማታ በአምፖል ስንሠራ ምስሉ ቢርገበገብ፥ የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ በካሜራው ማስተካከያ ላይ ይህንኑ ቁጥር እንምረጥ። የካሜራውን መስተዋትም በለስላሳ ደረቅ የጥጥ ጨርቅ መጥረግ አይረሳ፤ አቧራና የጣት ቅባት ብቻውን ምስል ያደበዝዛል።

3ኛ፤ ሸክም። 1280 በ720 ነጥብ የሆነ ምስል፥ ለእያንዳንዱ ነጥብ 16 ቢት ቢሰጠውና በሴኮንድ 30 ጊዜ ቢላክ፥ 442 ሜጋቢት ያህል ይሆናል። የዩኤስቢ 2.0 መስመር በስሙ 480 ሜጋቢት ቢባልም በተግባር ከዚያ ያነሰ ስለሚያሳልፍ፥ ካሜራው ምስሉን አጭቆ ይልከዋል። የቆየው ፕሮሰሰር ደግሞ የታጨቀውን ይፈታል፤ ለኢንተርኔት መልሶ ያጭቃል፤ በዚህም ይደክማል። መጠኑን ወደ 640 በ480 ብናወርደው ሸክሙ 147 ሜጋቢት፥ ማለት አንድ ሦስተኛ ይሆናል። በዙም ላይ ኤችዲ የሚለውንና ሰው ሠራሽ የጀርባ ሥዕሉን እናጥፋ፤ የማያስፈልጉትን ፕሮግራሞች እንዝጋ፤ ካሜራው ከውጭ የሚሰካ ከሆነም በማከፋፈያ ሳይሆን በቀጥታ ከማሽኑ ጋር እናገናኘው።

4ኛ፤ ሙቀት። ፕሮሰሰር ከልክ በላይ ሲግል እንዳይቃጠል ራሱን ያዘገያል። ብዙ ላፕቶፖች የሚሠሩት እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለሚደርስ አየር ነው፤ በመተማ ግን በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት ቀን አለ። ከሰሊጥ አጨዳ በኋላ በደረቁ ወራት የሚነሣው አቧራም የማሽኑን ማራገቢያ ይደፍናል። ላፕቶፑን ፍራሽ ወይም ጋቢ ላይ አናስቀምጠው፤ በጠንካራ ጠረጴዛ ላይ ከሥሩ ሁለት እንጨት ሰጥተን አየር እንዲያገኝ እናድርግ። ማሽኑን አጥፍተንና ከኤሌክትሪክ ነቅለን የአየር መውጫውን በለስላሳ ብሩሽ እንጥረግ። ቀጠሮ መምረጥ ከቻልን ደግሞ ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ያለው ይሻላል፤ ብርሃኑ በቂ ነው፥ ሙቀቱም ገና አልበረታም።

እነዚህን ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚለውጥ ሰው የትኛው እንደ ረዳው አያውቅም። አንዱን ለውጦ የእጁን ፈተና መድገም፥ ከዚያም ወደሚቀጥለው ማለፍ ይበጃል። ሥራውም ከቀጠሮው በፊት ባለው ቀን ይለቅ። ሁሉ ተደርጎ ካልሆነ ግን ፈቃድ ጠይቆ ምስሉን መዝጋትና ድምፁን ማትረፍ ነው፤ ሐሳብ የሚተላለፈው በቃል ነውና።

በወዲያኛው ወገን ተቀምጠን የምናዳምጥ ተማሪዎችም ድርሻ አለን። የጓደኛችን ምስል ቢቆም አንሣቅ፤ እስኪናገር እንታገሠው፤ ከላይ የተዘረዘረውንም እናካፍለው።