የነቢያት ልጆች ምንቸትና የጋይንት ተማሪ ቁራሽ

በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ በ4ኛው ምዕራፍ ከቁጥር 38 ጀምሮ የተጻፈው ታሪክ በስብከት ጊዜ እምብዛም ሲነሣ አይሰማም። በዚያው ምዕራፍ ያለው የሱነማዪቱ ልጅ ከሞት መነሣት ይበልጥ የታወቀ ስለ ሆነ፣ ይህ አጭር ታሪክ በእርሱ ተሸፍኖ ቀርቶአል። ነገሩ እንዲህ ነው። ነቢዩ ኤልሳዕ ወደ ጌልገላ በተመለሰ ጊዜ በምድሪቱ ራብ ነበረ፤ የነቢያትም ልጆች በፊቱ ተቀምጠው ነበር። ኤልሳዕም ትልቁ ምንቸት እንዲጣድና ወጥ እንዲሠራላቸው ሎሌውን አዘዘ። ከእነርሱ አንዱ ቅጠል ሊለቅም ወደ ሜዳ ወጥቶ የበረሃ ቅል አገኘና በልብሱ ሞልቶ አመጣ፤ ምንነቱንም ሳያውቅ ከትፎ በምንቸቱ ጨመረው። በቀመሱትም ጊዜ በምንቸቱ ውስጥ ሞት እንዳለ አውቀው ጮኹ።

«የነቢያት ልጆች» የተባሉት ከነቢያት በሥጋ የተወለዱት አይደሉም፤ በመምህር እግር ሥር ተቀምጠው የሚማሩ ደቀ መዛሙርት ናቸው። ይህ አነጋገር ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ በጉባኤ ቤታችን መምህሩ ተማሪውን «ልጄ» ይለዋል፣ ተማሪውም መምህሩን «የኔታ» ይለዋል። እንግዲህ መጽሐፍ የሚነግረን የአንድ ጉባኤ ቤት ታሪክ ነው፤ ያውም በራብ ዘመን ያልተበተነ ጉባኤ ቤት።

ይህን ንባብ የጋይንት ሰው ያለ ትርጓሜ ያውቀዋል። ቤተልሔም የድጓ፣ ዙር አምባ የዝማሬና የመዋሥዕት ማስመስከሪያ ሆነው ከሩቅ አገር ተማሪ ሲጠሩ ኖረዋል። ምድሪቱ ግን ራብ የሚመላለስባት ምድር ናት። የ1977 ዓ.ም. ራብ ከአረጋውያን ልብ ገና አልወጣም፤ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮም በላይ ጋይንት፣ በታች ጋይንትና በስማዳ ሕዝቡ «ሴፍቲኔት» የሚለው የርዳታ ሥራ ገብቶ፣ ብዙ ገበሬ እርከን ሲሠራና መንገድ ሲጠርግ ውሎ እህል ወይም ገንዘብ ይቀበላል። እንግዲህ አስቡት፤ አኮፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ለቆመው ልጅ ቁራሽ የምታወጣለት እናት፣ እርስዋ ራስዋ ተሰፍሮላት የምትበላ ናት። ከተረፋት ሰጠች የሚባልላት አይደለችም።

በዘመናችን የተማሩ አንዳንድ ወንድሞች በዚህ ነገር ላይ የሐዋርያውን ቃል ይጠቅሳሉ፤ በሁለተኛው የተሰሎንቄ መልእክት በ3ኛው ምዕራፍ ሊሠራ የማይወድ እንዳይበላ ታዝዞአልና፣ ተማሪ ለምን ይለምናል ይላሉ። ጥያቄው በቁጣ የሚመለስ አይደለም። ዳሩ ግን ሐዋርያው የገሠጸው ሥራ ፈትቶ በሰው ነገር የሚገባውን እንጂ የሚማረውን አይደለም፤ እርሱው ራሱ በገላትያ በ6ኛው ምዕራፍ ተማሪ ለሚያስተምረው መልካሙን ሁሉ እንዲያካፍል፣ በአንደኛው ቆሮንቶስ በ9ኛው ምዕራፍም በመሠዊያ የሚያገለግል ከመሠዊያው እንዲካፈል ጽፎአል። ደግሞም የጋይንት ተማሪ ሥራ ፈት አይደለም። ጎጆውን ራሱ ይሠራል፤ እንጨቱን ይለቅማል፤ ውሃውን ይቀዳል፤ ሌሊት ቀጽሎ ቀን ይሰማል። በዚያው መጽሐፍ በ6ኛው ምዕራፍም የነቢያት ልጆች ስፍራ ጠብቦአቸው እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ምሰሶ ቈርጠው ቤት ሊሠሩ ወደ ዮርዳኖስ ወርደዋል፤ መምህራቸውም አብሮአቸው ወርዶአል።

ነገር ግን ከሌላው ወገን ያለውንም መናገር ይገባል። ልመናን የትምህርቱ ሥርዓት አድርገው የሚያከብሩ፣ ልጁ ውሻ ካልነከሰውና ካልተራበ ትሕትናን አይማርም የሚሉ አባቶች አሉ። እኔም በዚያው መንገድ ያለፍኩ ነኝ፤ ትሕትናንም ያስተምራል፣ አልክድም። ቢሆንም ልጅ ይራብ የሚል ቀኖና የለም። ልመናው የመጣው ከችግር ነው። ኤልሳዕም ደቀ መዛሙርቱ ለትሕትና እንዲራቡ አልተዋቸውም፤ ከሁሉ አስቀድሞ ያዘዘው ምንቸት እንዲጣድ ነው።

ቀድሞ ለመምህሩ መተዳደሪያ የነበረው የቤተ ክርስቲያን መሬት የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ከገጠሩ መሬት ሁሉ ጋር ወደ መንግሥት ዞረ። ተማሪው ፊትም የሚኖረው በሕዝብ ቁራሽ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን መምህሩም በዚያው ቁራሽ ላይ ወደቀ። በ1965 ዓ.ም. የወጣው ቃለ ዓዋዲ ሰበካ ጉባኤን አቋቁሞ ስለ ነበር ገንዘብ የሚሰበሰብበት መንገድ ዛሬም አለ። ገንዘቡ የት እንደሚውል ግን እንመልከት። ከተማ ላይ ጉልላት በጉልላት ላይ ይነሣል፤ ድምፅ ማጉያ ይገዛል። በጉልላቱ ሥር ድጓውን የሚቆም ሰው ከየት እንደሚመጣ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ከበኣልሻሊሻ የመጣው ሰው የበኵራቱን 20 የገብስ እንጀራ ወደ ኤልሳዕ አመጣ፤ ኤልሳዕም ለራሱ አላስቀረውም፤ ለሕዝቡ እንዲሰጥ አዘዘ። ሎሌው ይህ ለ100 ሰው ምን ይሆናል ብሎ ቢከራከርም በልተው አተረፉ። ያ ሰው ያመጣው በኵራት መሆኑን ልብ እንበል፤ ትራፊ አልነበረም።

ስለ ቅሉም ጥቂት ልበል፤ ብዙ የሚያነጋግር ዘመን ላይ ነንና። ዛሬ ተማሪው ዜማውን ከስልክ ይሰማል። አንዳንዱም ከማን አፍ እንደ ወጣ ሳያውቅ የሰማውን ይይዛል፤ ይህ በልብስ ሞልቶ እንደ መጣው ቅል ነው። በዚህ ምክንያት ስልኩን መስበር የሚወዱ መምህራን አሉ። ኤልሳዕ ግን ምንቸቱን አላስደፋም፤ ዱቄት አምጡ አለ እንጂ። በ16ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ለድጓው የዜማ ምልክት በሠሩ ጊዜ ያም አዲስ ነገር ነበረ፤ ምልክቱም መምህሩን አላስቀረውም፤ ረዳው እንጂ። ስልኩ የተረሳውን ያስታውስ፤ የሚያርመው ግን የኔታ ይሁን።

ሱነማዪቱ ለነቢዩ የሰጠችው እንጀራ ብቻ አልነበረም። ትንሽ ቤት፣ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ወንበርና መቅረዝ አዘጋጀችለት፤ የሚያስፈልገውን አስባ ቈጥራ ነው። በጉባኤ ቤት ቅማልና እከክ፣ ከቅማልም የሚመጣው ትኩሳት ተማሪውን ያሠቃያል። ሳሙናና የመለወጫ ልብስ፣ የሚፈላ ንጹሕ ውሃ፣ ለሌሊቱ ንባብ መብራት፣ ሲታመም ወደ ጤና ጣቢያ የሚያደርሰው ሰው፤ ይህ ሁሉ ከአንድ ትልቅ ድግስ ወጪ አይበልጥም። ከወገዳም ከነፋስ መውጫም ወጥታችሁ በአዲስ አበባ የምትኖሩ፣ በየወሩ ማኅበር የምትጠጡ ወንድሞችና እኅቶች፣ የአንድ ወር ጽዋችሁን ወጪ ወደ አንድ ጉባኤ ቤት ብታዞሩት ጻድቁም የሚከፋ አይመስለኝም።

ምዕራፉ የሚጀምረው ደግሞ በሌላ ሰው ነው። ከነቢያት ልጆች የአንዱ ሚስት ባልዋ ሞቶ፣ ባለ ዕዳው ሁለቱን ልጆችዋን ባሪያ አድርጎ ሊወስድባት መጥቶ ወደ ኤልሳዕ ጮኸች። ኤልሳዕም ከሁሉ አስቀድሞ የጠየቃት በቤትዋ ምን እንዳላት ነው። በየደብራችን ብዙ ደቀ መዛሙርት አስተምረው ያለፉ የመሪጌቶች ሚስቶች አሉ፤ በሰበካ ጉባኤው መዝገብ ስማቸው የተጻፈ ስንቶቹ ናቸው? በቤታቸውስ ምን አለ ብሎ የጠየቀ ማን ነው?