ፊቱ በመቶ ስለ ተከፈለ ሰዓት

በዚህ ዓመት በሶዶ ከተማ በሚገኘው ትምህርት ቤታችን ከተማርኋቸው ነገሮች ሁሉ የማልረሳውን ያስተማረኝ መጽሐፍ አይደለም፤ በቤተ ሙከራ ቁም ሣጥን ውስጥ ተኝቶ የነበረ አንድ አሮጌ ሰዓት ነው። ስለ አሠራሩና ስለ ጥቅሙ የተረዳሁትን፥ የሠራሁትንም ስሕተት ሳልደብቅ፥ ባጭሩ እገልጻለሁ።

ሰዓቱ በመዳፍ የሚያዝ፥ ባትሪ ድንጋይ የማያስፈልገው ነው። በራሱ ላይ ያለውን ጉጥ ሲያዞሩት በውስጡ ያለው ቀጭን ሞላ ይጠመጠማል። ሞላው ለመፈታት ሲታገል ጥርስ ያላቸውን መዘውሮች ይገፋል፤ ወዲያና ወዲህ የምትወዛወዝ አንዲት ትንሽ መንኰራኵር ደግሞ በየምቱ ጥቂት ጥቂት ብቻ እያሳለፈች ፍጥነቱን ትገዛለች። ጉጡን አንድ ጊዜ ሲጫኑት ይነሣል፥ ሁለተኛ ሲጫኑት ይቆማል፥ ሦስተኛ ሲጫኑት ጠቋሚው ወደ መነሻው ይመለሳል።

እስከዚህ ድረስ እንደ ማንኛውም የሩጫ ሰዓት ነው። ልዩነቱ ፊቱ ላይ ነው። ረጅሙ ጠቋሚ በደቂቃ አንድ ጊዜ ይዞራል፤ ዙሪያው ግን የተከፈለው በ60 ሳይሆን በ100 ነው። ስለዚህ አንዱ ክፍል የደቂቃ መቶኛ፥ ይኸውም 0.6 ሴኮንድ ነው። በሴኮንድ 5 ጊዜ የሚመታ ሰዓት በደቂቃ 300 ጊዜ ስለሚመታ ለእያንዳንዱ መቶኛ ልክ 3 ምት ይደርሰዋል።

እንዲህ ያለው ሰዓት የተፈለገው በተለይ ለፋብሪካ ሥራ ነው። አሜሪካዊው መሐንዲስ ፍሬድሪክ ቴይለር (1856–1915 እ.ኤ.አ.) ሥራን በየክፍሉ እየለዩ በሰዓት የመለካትን ዘዴ ካስፋፋ በኋላ፥ ለኪዎቹ በየቀኑ ብዙ ቍጥር መደመርና ማካፈል ነበረባቸው። ደቂቃና ሴኮንድ ለዚህ አስቸጋሪ ነው፤ መቶኛ ግን እንደ ብርና ሳንቲም ይደመራል።

ይህንንም በቧንቧ ውሃ ፈተንሁት። 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ሦስት ጊዜ ሞላሁ፤ ሰዓቱም 1.25፥ 1.30 እና 1.20 ደቂቃ አሳየ። ድምሩ 3.75፥ አማካዩ 1.25 ነው። 20 ለ1.25 ሲካፈል ቧንቧው በደቂቃ 16 ሊትር ይሰጣል ማለት ነው። በተለመደው ሰዓት ቢሆን 1 ደቂቃ ከ15 ሴኮንድን መጀመሪያ መለወጥ ባስፈለገ ነበር።

እንግዲህ ስሕተቴን ልናገር። ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ባለው ሜዳ የሴቶች 400 ሜትር ማጣሪያ በሁለት ምድብ ተደረገ። ለሚቀጥለው ውድድር የሚያልፉት በሰዓታቸው የሚመረጡ ሦስት ልጆች ነበሩ። የመጀመሪያው ምድብ በስልክ ተለካ። ከዚያ ስልኩ ስለ ጠፋ ሁለተኛውን በአሮጌው ሰዓት እንድለካ ታዘዝሁ። አንዲት የክፍላችን ልጅ አንደኛ ወጣች፤ ጠቋሚው አንድ ጊዜ ዞሮ 12 ላይ ቆመ። እኔም «1 ደቂቃ ከ12 ሴኮንድ» ብዬ ጻፍሁ። ከመጀመሪያው ምድብ ሦስት ልጆች ከ1 ደቂቃ ከ10 ሴኮንድ በታች ገብተው ስለ ነበር እርስዋ ቀረች። ምንም አልተናገረችም፤ ጫማዋን በእጅዋ ይዛ ወደ ቤትዋ ሄደች።

ማታ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ሯጮቹ የመጨረሻውን ጥምዝ ሲጨርሱ ጠቋሚው 85 ላይ ነበር። ሰማንያ አምስተኛ ሴኮንድ ደግሞ በዓለም ላይ የለም! ወረቀት አውጥቼ 0.12ን በ60 ሳበዛው 7.2 ሆነ። ልጅቱ የገባችው በ1 ደቂቃ ከ7.2 ሴኮንድ ነው።

በማግስቱ ለመምህራችን ነገርሁ፤ ዝርዝሩ ገና ስላልተላከ ታረመ። ነገር ግን ስምዋ ወጥቶላት ደስ ብሏት ያደረች ሌላ ልጅ ተሠረዘች። የእኔ አንድ ስሕተት ሁለት ሰው አሳዘነ። ይቅርታ ስጠይቃት የክፍላችን ልጅ፥ «ሰዓቱ አልዋሸም፤ ያላነበብኸው አንተ ነህ» አለችኝ።

ታዲያ ሰዓት ሁሉ በመቶ ቢከፈል ምን ነበረበት የሚል ይኖር ይሆናል። ፈረንሳዮች ይህን ሞክረውታል። በ1793 እ.ኤ.አ. ቀኑን በ10 ሰዓት፥ ሰዓቱን በ100 ደቂቃ፥ ደቂቃውን በ100 ሴኮንድ እንዲከፈል ደነገጉ፤ በ1795 ግን ተዉት። ሜትር ሲጸና የመቶ ደቂቃው ሰዓት ቀረ፤ ሕዝብ በለመደው በ60 ይቈጥር ነበርና። በእኛም አገር ባሕረ ሐሳብ ዕለትን በ60 ኬክሮስ ይከፍላል። ዓመቱ 365 ቀን ከ15 ኬክሮስ ነው፤ 15 ኬክሮስ ሩብ ቀን ስለ ሆነ በአራት ዓመት 60 ሞልቶ ስድስተኛዋን የጳጉሜን ቀን ያመጣል። ይህን 15 የቀን መቶኛ ነው ብሎ የሚያነብ ሰው ዘመኑን ሁሉ ያፋልሳል።

ጥቂት መሳሳት ምን ይጎዳል እንዳይባል አበበ ቢቂላን እናስብ። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሴኮንድ ፈጸመ። ከዚያ በፊት ፈጣን የነበረው የሰርጌይ ፖፖቭ ሰዓት 2፡15፡17 ነበረ። ልዩነቱ 0.8 ሴኮንድ ብቻ ነው። በዚያ ቍጥር ውስጥ ደቂቃውና ሴኮንዱ በ60፥ የመጨረሻዋ 2 ግን በዐሥር የተከፈለች ናት። ይህን ለይቶ የማያነብ የአበበን ድል በትክክል ሊያነብ አይችልም።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ እንዲህ ያለ አሮጌ ሰዓት ብታገኙ አትጣሉት። አስቀድማችሁ ጉጡን በደንብ አዙሩ፤ 10 ደቂቃ ያህል ከሌላ ሰዓት ጋር አስተያዩት፤ ፊቱ በስንት እንደ ተከፈለ ቍጠሩ፤ ከምትጽፉት ቍጥር አጠገብም መለኪያውን ጻፉ። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው፥ ይህ ሁሉ ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚፈጅ ጥንቃቄ የሰውን የብዙ ወራት ድካም ያድናል። እኔ 12ን አየሁ እንጂ የምን 12 እንደ ሆነ አልጠየቅሁም፤ እናንተ ግን ጠይቁ።