የጐራዴው አገር

በቦሌ ሚካኤል ሰፈር በአንድ ሽማግሌ ቤት ግድግዳ ላይ አሮጌ ጐራዴ ተሰቅሎ ነበር። እጀታው የአውራሪስ ቀንድ ነው፤ አፎቱም ባሕር አረብ የሚባለውን ቀይ ቆዳ የለበሰ ነው። አንድ ቀን የልጅ ልጃቸው ጐራዴውን ከአፎቱ በመዘዘው ጊዜ፥ በእጀታው አጠገብ በብረቱ ላይ የላቲን ፊደል አየ። ቢያነበውም «ሶሊንገን» የሚል ነው። ይህንንም ለጓደኞቹ ቢነግራቸው «እንግዲያስ የፈረንጅ ነው እንጂ የአባቶችህ አይደለም» ብለው ሣቁበት። ልጁም እጅግ አፈረ፤ ወደ ቤቱም ተመልሶ ጽሕፈቱን ሊፍቀው ሞረድ አነሣ።

ሽማግሌው ደርሰው እጁን ያዙት።

«ልጄ፥ ምን ልታደርግ ነው?»

«አባባ፥ ጐራዴው የእኛ አይደለም ይሉኛል።»

ሽማግሌውም ጐራዴውን በጉልበታቸው ላይ አጋድመው እንዲህ አሉት፦

«የጐራዴን አገር ለማወቅ የምትሻ እንደ ሆነ፥ ብረቱን ለብቻው፥ እጀታውን ለብቻው፥ አፎቱንም ለብቻው ጠይቅ። ሾተል ቢሆን ኖሮ እንደ ማጭድ የጐበጠው ቅርጹ ወዲያው በነገረህ ነበር፤ ጐራዴ ግን የአውሮፓን የፈረሰኛ ሰይፍ ስለሚመስል ዓይንን ያታልላል። ሶሊንገን በጀርመን አገር ያለች፥ ከጥንት ጀምራ በሰይፍና በቢላዋ ሥራ የታወቀች ከተማ ናት። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፥ ከ1882 እስከ 1906 ዓ.ም.፥ ከአውሮፓ ብዙ የጐራዴ ብረት ወደ አገራችን ገባ። አንዳንዱም እዚያው ሳለ የአንበሳ ሥዕልና የግዕዝ ፊደል ተቀርጾበት የመጣ ነው።»

ልጆች ሆይ፥ ይህን አስተውሉ፤ ብዙ ትልልቅ ሰዎችም ይስቱታል። የላቲን ፊደል ጐራዴውን በሙሉ የፈረንጅ እንደማያደርገው፥ የግዕዝ ፊደልም ብረቱ በአገራችን የተቀጠቀጠ ለመሆኑ ብቻውን አይመሰክርም።

ሽማግሌው ቀጥለው እጀታውን አሳዩት። «ብረቱ ሲመጣ የአገራችን ባለ እጅ ቀንዱን ጠርቦ ገጠመለት፤ ሌላውም ቆዳውን ሰፍቶ አፎት አበጀለት። ፈረንጅ ሰይፉን በግራ ሲታጠቅ አያቴ ይህን በቀኝ ታጠቁት። ቀንዱ እንዴት እንደ ለሰለሰ ዳስሰው፤ ያለሰለሰው የእርሳቸው እጅ ነው። ፊደሉን ብትፍቀው ግን ምስክሩን ታጠፋዋለህ፤ ከእንግዲህ የሚያምንህም የለም።»

ልጁም ሞረዱን ወደ ስፍራው መለሰ። በማግሥቱ በወረቀት ላይ «ብረቱ በሶሊንገን ተሠራ፤ እጀታውና አፎቱ በኢትዮጵያ ተሠሩ፤ የታጠቁት የአያቴ አያት ናቸው» ብሎ ጽፎ ከጐራዴው በታች ለጠፈው። ቀንዱን የጠረበውንና ቆዳውን የሰፋውን ሰው ስም ግን አያቱም ስላላወቁት፥ ለእነርሱ አንድ መስመር ባዶ ተወላቸው።