በአህያ የተቀመጠው ንጉሥ

የሆሣዕና በዓል በደረሰ ቁጥር ከትምህርት ጓደኞቼ የምሰማው አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ክርስቶስ ንጉሥ ከሆነ ስለ ምን በአህያ ተቀመጠ?» የሚል ነው። ብዙዎቻችን አህያን በጭነት ብቻ ስለምናውቃት ነገሩን የድህነት ምልክት አድርገን እናልፈዋለን። እኔ ግን መጻሕፍትን ስመረምር ምሥጢሩ ከዚህ የጠለቀ ሆኖ ስላገኘሁት ለአንባብያን ጥቂት ለማስረዳት እወዳለሁ።

በመጀመሪያ፥ መሢሕ የሚለው ቃል ከዕብራይስጥ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው የተቀባ ማለት ነው፤ ክርስቶስ የሚለውም የግሪክ ቃል ፍቺው ይኸው ነው። በእስራኤል ዘንድ ንጉሥ የሚሾመው ዘይት እየተቀባ ነበር፤ ነቢዩ ሳሙኤልም በፊት ሳኦልን፥ በኋላም ዳዊትን ቀብቷል። እንግዲህ ስሙ ራሱ ንግሥናን ያመለክታል።

ሁለተኛ፥ በጥንት እስራኤል በአህያ መቀመጥ ነውር አልነበረም። በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 10 የመስፍኑ የያኢር 30 ልጆች በ30 አህዮች ይቀመጡ እንደ ነበር ተጽፏል። ሰሎሞንም በነገሠ ቀን የተቀመጠው በአባቱ በዳዊት በቅሎ ላይ ነበር። ፈረስ ግን ከሠረገላ ጋር ለጦርነት የሚሰለፍ ነበር። ነቢዩ ዘካርያስ በምዕራፍ 9 በአህያ ስለሚመጣው ትሑት ንጉሥ ከተናገረ በኋላ፥ ሠረገላው፥ ፈረሱና የጦርነቱ ቀስት እንደሚጠፉ፥ ንጉሡም ለአሕዛብ ሰላምን እንደሚናገር ያስረዳል። ስለዚህ በአህያ መምጣቱ የሰላም ንጉሥ መሆኑን የሚገልጽ ነው።

ጌታ 5 ሺህ ሰዎችን ባበላ ጊዜ ሕዝቡ በግድ ሊያነግሡት ቢያስቡ ትቷቸው ወደ ተራራ ሄደ። ወደ ኢየሩሳሌም ሲገባ ግን ሕዝቡ ዘንባባ ይዞ እያመሰገነ ሲቀበለው አልከለከለም። እኔ እንደሚመስለኝ የፊተኞቹ የፈለጉት እንጀራ የሚያጠግባቸውን ንጉሥ ነበር፤ በሆሣዕና ቀን ግን እርሱ በመረጠው መንገድ፥ ወደ መስቀል ለመሄድ ገባ።

ከጥቂት ቀን በኋላም በራት ጊዜ ማበሻ ጨርቅ ታጥቆ የደቀ መዛሙርቱን እግር አጠበ። ወንጌላዊው ዮሐንስ በምዕራፍ 13 ይህን ሲተርክ፥ ጌታ ሁሉ በእጁ እንደ ተሰጠው እያወቀ እንደ ተነሣ ይነግረናል። ይህን ማስተዋል ይገባል፤ ዝቅ ያለው ክብሩን ሳይረሳ ነውና። በቤተ ክርስቲያናችንም በየዓመቱ በጸሎተ ሐሙስ ካህናት የምእመናንን እግር የሚያጥቡት ይህን ለማሰብ ነው።

እኛ ተማሪዎች ትሑት የምንለው ብዙ ጊዜ አንገቱን ደፍቶ «አልችልም» የሚለውን ነው። ነገር ግን ሒሳብ የሚያውቅ ልጅ ዕውቀቱን ቢደብቅ ጓደኛውን አይጠቅመውም፤ ቢመካበትም ያሳፍረዋል። አጠገቡ ተቀምጦ እስኪገባው ድረስ ቢያስረዳው ግን ያወቀውም አይቀነስበት፥ ጓደኛውም ከፍ ይላል። ነገ ከመካከላችን ሐኪም፥ መምህር ወይም ዳኛ የሚሆን ይኖራል፤ በሚሰጠን ሥልጣን የማንን እግር እንደምናጥብበት ከአሁኑ ብናስብ መልካም ነው እላለሁ።