ያዘመመ ሽክርክሪት፦ በደብረ ታቦር የቀረበ ምልልስ

ፍሪስታይል ስኪ በሚባለው የበረዶ ላይ ስፖርት ተወዳዳሪው ሁለት ረጃጅም መንሸራተቻዎችን በጫማው ሥር አስሮ ቁልቁለት ይወርዳል፣ ከበረዶ ከተሠራ መወንጨፊያ ጫፍ ላይ ወደ አየር ይነሣል፣ በአየር ላይም ተሽከርክሮ ወይም ተገልብጦ ያርፋል፤ ከእነዚህ እንቅስቃሴዎች ለመማርም ለማስተማርም ከሚከብዱት አንዱ፣ አካል ቀጥ ብሎ ሳይቆም ፈጽሞም ሳይገለበጥ አጋድሎ የሚዞርበት ያዘመመ ሽክርክሪት ነው። የሚከተለው ምልልስ በደብረ ታቦር ለብዙ ዘመን የሰውነት ማጎልመሻ ባስተማሩ አዛውንትና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን በፈጸመ ወጣት መካከል እንደተደረገ ሆኖ ቀርቧል።

ጠያቂ፦ መምህር፣ በቅድሚያ ያዘመመ የተባለው ምኑ እንደሆነ ቢያስረዱ። የሚያዘምመው ሰውየው ነው ወይስ መዞሪያው?

መምህር፦ ሁለቱም ያዘምማሉ፤ የሚቀድመው ግን መዞሪያው ነው። ማንኛውም የሚዞር አካል የሚዞርበት መስመር አለው፣ እርሱም ዛቢያ ይባላል። እናትህ ጥጥ ስትፈትል እንዝርቱ ቀጥ ብሎ ሲሾር ዛቢያው በእንጨቱ መሐል ከላይ ወደ ታች ያልፋል፤ እንዝርቱ ዘንበል ሲል ዛቢያውም አብሮት ዘንበል ይላል፣ መሾሩ ግን አይቆምም። ስኪ ያሰረ ሰውም ቆሞ ሲዞር ዛቢያው ከአናቱ እስከ እግሩ ነው፤ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ሲገለበጥ ደግሞ ዛቢያው በወገቡ በኩል ከጎን ወደ ጎን አግድም ያልፋል። ዛቢያው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ሲውል ሽክርክሪቱ ያዘመመ ይባላል፤ የስፖርቱ ሰዎች ለየዓይነቱ ስም ያወጡለት ሲሆን ከሁሉም የታወቀው ኮርክ ነው፣ ወደ ፊት እያጋደለ የሚዞረው ሚስቲ፣ ወደ ኋላ የሚያጋድለው ሮዲዮ ይባላል። መጠኑ በዲግሪ ይቆጠራል፤ 360 አንድ ሙሉ ዙር፣ 540 አንድ ተኩል፣ 720 ሁለት ዙር ነው። ፊቱን ወደ ቁልቁለቱ አድርጎ ተነሥቶ 540 የዞረ ሰው የሚያርፈው ጀርባውን ለቁልቁለቱ ሰጥቶ ነው፣ ጀማሪን የሚያስደነግጠውም ይኸው ነው።

ጠያቂ፦ ታዲያ አየር ላይ ከወጣ በኋላ በምን ተደግፎ ያዘምማል? የሚገፋው መሬት የለ፣ የሚይዘው ነገር የለ።

መምህር፦ የነገሩ ሥር ያለው እዚህ ላይ ነው። እግሩ ከመወንጨፊያው ጫፍ ከተለየ በኋላ ማንም ሰው የያዘውን የዙሪት መጠን ሊጨምርበትም ሊቀንስበትም አይችልም። ፊዚክስ አንጉላር ሞመንተም የሚለው፣ ማለትም የሚዞር አካል ከክብደቱ፣ ክብደቱ ከዛቢያው ካለው ርቀትና ከሚዞርበት ፍጥነት የሚያገኘው መጠን፣ ከበረዶው ጋር በተለያየበት ቅጽበት ተወስኖ ያልቃል፤ አየሩ የሚያሳድረው ተጽዕኖ እጅግ ጥቂት ስለሆነ ከቁጥር አይገባም። ስለዚህ ኮርክ የሚሠራ ሰው መዞሩንና ማጋደሉን እግሩ ገና በረዶውን ሳይለቅ በአንድነት ይጀምራቸዋል፣ ሁለቱም ተደምረው አንድ ያዘመመ ዛቢያ ይሆናሉ። አየር ላይ የሚቀረው ሥራ የያዙትን ማብቃቃት ነው፤ እጅና ጉልበት ወደ ደረት ሲሰበሰቡ ዙሩ ይፈጥናል፣ ሲዘረጉ ይዘገያል።

ጠያቂ፦ ኤሪያልስ በተባለው የዝላይ ውድድር ግን ዘላዮቹ ቀጥ ብለው ተገልብጠው ይነሡና መጠምዘዝ የሚጀምሩት ኋላ፣ አየር ላይ ሳሉ ነው። ይህ ከተናገሩት ጋር አይጋጭም?

መምህር፦ የሚጋጭ ይመስላል እንጂ አይጋጭም። ያ ዘላይ ሲነሣ የያዘው የግልበጣ ዙሪት ብቻ ነው። ሁለቱንም እጆቹን ወደ ላይ ዘርግቶ ሳለ አንዱን በጎኑ በኩል ወደ ታች ሲያወርድ፣ ቀሪው አካሉ በአጸፋው ጥቂት ዲግሪ ወደ ጎን ያዘነብላል፤ የዙሪቱ አቅጣጫ ግን አስቀድሞ የተወሰነ ስለሆነ ከአካሉ ጋር አያዘነብልም። በዚህ ጊዜ አካሉና የዙሪቱ አቅጣጫ ስለሚለያዩ ከግልበጣው ከፊሉ በቁመቱ ዙሪያ ወደ መዞር ይለወጣል፣ ዘላዩም ይጠመዘዛል። አዲስ የተጨመረ ነገር የለም፤ የነበረው ተካፈለ። ሰው በቁመቱ ዙሪያ ሲዞር ክብደቱ ለዛቢያው ቅርብ ስለሚሆን ጥቂቱ ዙሪት ብዙ ያዞረዋል፣ ጥቂት ዘንበል ማለት ፈጣን ጥምዝ የሚያመጣውም ስለዚህ ነው። ጥምዙን ለማስቆም እንቅስቃሴውን መቀልበስ ያስፈልጋል፤ መቼ እንደሚቀለበስ ማወቅ ግን በመጽሐፍ የሚገኝ አይደለም፣ በልምምድ ብቻ የሚመጣ ነው።

ጠያቂ፦ እንግዲያውስ በመወንጨፊያው ጫፍ ላይ ተማሪው የሚያደርገውን በዝርዝር ቢነግሩኝ።

መምህር፦ ወደ ግራ የሚዞር ሰው እንውሰድ። ወደ መወንጨፊያው ሲቃረብ ጉልበቱን ያጥፋል፣ ትከሻውን በጥቂቱ ወደ ቀኝ ጠምዝዞ ይይዛል። ጫፉ ላይ ሲደርስ ጉልበቱን ዘርግቶ ወደ ላይ ይነሣል፤ በዚያው ቅጽበት እጆቹና ትከሻው ወደ ግራ ይሳባሉ፣ የግራ ትከሻው ወደ ኋላና ወደ ታች ይወርዳል፣ ዓይኑም በግራ ትከሻው በላይ አልፎ ወደ ኋላ ይመለከታል። አስቀድሞ መነሣት፣ ከዚያ መዞር ነው ሥርዓቱ፤ በመካከላቸው ያለው ጊዜ ግን ከጥቅሻ ያነሰ ነው። ስሕተቱ ሁሉ የሚበዛው እዚህ ላይ ነው፦ ትከሻውን ቀድሞ የጣለ ሰው ስኪው ጫፉ ላይ ወደ ጎን ይንሸራተትበትና ከፍታ ያጣል፤ ራሱን ከልክ በላይ ወደ ኋላ የጣለ ደግሞ ያዘመመው ዙር ሙሉ ግልበጣ ይሆንበትና በጀርባው ወይም በአንገቱ ሊወርድ ይችላል። ከተነሣ በኋላ ጉልበቱን ሰብስቦ ብዙ ጊዜ ስኪውን በእጁ ይይዛል፣ ይህም በዳኞች ፊት ነጥብ ያስገኝለታል፣ አካሉንም ሰብስቦ ያቆይለታል። ዙሩ ሊያልቅ ሲል ማረፊያውን በዓይኑ ይፈልጋል፣ ሲያገኘውም ይዘረጋል። 2 ሜትር ከፍ ብሎ ከዚያ 5 ሜትር ወርዶ የሚያርፍ ሰው አየር ላይ የሚቆየው 1.6 ሰከንድ ገደማ ብቻ ነው፤ 720 ዲግሪውንም የሚጨርሰው በዚህችው ጊዜ ነው።

ጠያቂ፦ ይህ ዓይነቱ ዙር በውድድር ተከልክሎ ነበር ይባላል። እውነት ነው?

መምህር፦ የተከለከለው ግልበጣው ነበር፣ ያዘመመው ዙር ግን በሕጉ ድንበር ላይ ቆመ። ሞግል በሚባለው፣ በበረዶ ጉብታዎች መካከል እየወረዱ በሚዘለልበት ውድድር፣ እግርን ከራስ በላይ ማድረግ አይፈቀድም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 በናጋኖ ኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘው አሜሪካዊ ጆኒ ሞስሊ በ2002 ሶልት ሌክ ሲቲ ላይ ዲነር ሮል የተባለውን ያዘመመ 720 ይዞ ቀረበ፤ አካሉ እስኪጋደም ያዘምማል፣ እግሩ ግን ከራሱ በላይ ስለማይወጣ ሕጉን አልጣሰም። ዳኞቹ አራተኛ አደረጉት። በልማዳቸው መዘኑት ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ብዙም ሳይቆይ ግልበጣ ራሱ በሞግል ተፈቅዷልና። ስሎፕስታይልና ሃፍፓይፕ የተባሉት ውድድሮች በ2014 ወደ ኦሎምፒክ ሲገቡ፣ ቢግ ኤር በ2022 ተከተለ፤ በዚያም ቻይናን የወከለችው አይሊን ጉ ሁለት ጊዜ ያጋደለ 1620፣ ማለትም አራት ተኩል ዙር ሠርታ ወርቅ ወሰደች።

ጠያቂ፦ ይህ ሁሉ በረዶ ላለው አገር ነው። የጉና ተራራም እኮ ከ4,100 ሜትር በላይ ነው፣ ክረምት ላይ ነጭ ለብሶ ይታያል። እዚያ መማር አይቻልም?

መምህር፦ አይቻልም። በክረምት ጉና ላይ የሚወርደው ጠጠር የመሰለ በረዶ ፀሐይ ሲያገኘው ይቀልጣል፤ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ሲሆን ደግሞ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ዝናብ የለም። በእኛ አገር ዓይነት የአየር ጠባይ የቀንና የሌሊት ሙቀት ልዩነት ከወቅቶቹ ልዩነት ይበልጣል፣ ስለዚህ እርጥበትና ጽኑ ቅዝቃዜ ተገናኝተው ለወራት የሚቆይ በረዶ አይከምሩም። ደግሞስ የርብና የጉማራ ውኃ የሚነሣበት የጓሳና የጅባራ ምድር ለመወንጨፊያ ተብሎ ባይቆፈር ይሻላል።

ጠያቂ፦ ሮቤል ተክለማርያም ግን ኢትዮጵያን በክረምት ኦሎምፒክ ወክሏል።

መምህር፦ ወክሏል፤ በ2006 ቱሪን ላይ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የክረምት ኦሎምፒክ ተወዳዳሪ ሆነ፣ በ2010 ደግሞ ቫንኩቨር ተሰለፈ። የተወዳደረው ግን በአገር አቋራጭ ስኪ፣ በ15 ኪሎ ሜትር ነው፣ ስኪውንም የለመደው አሜሪካ ነው። ለአንተ ጥያቄ የሚቀርበው ምሳሌ የአውስትራሊያ ነው። አሊሳ ካምፕሊን በ2002፣ ሊዲያ ላሲላ በ2010 በኤሪያልስ ወርቅ ያገኙት ከጅምናስቲክ መጥተው ነው፤ መገልበጥንና መጠምዘዝን አስቀድመው ያውቁ ነበርና በረዶው ኋላ ተጨመረላቸው። የሥልጠናው ቅደም ተከተልም ይህንኑ ይከተላል፦ መጀመሪያ በፍራሽ ላይ፣ ቀጥሎ በትራምፖሊን፣ ማለትም በተወጠረ መዝለያ ላይ፣ ከዚያ ስኪ አስሮ ከመወንጨፊያ ወደ ውኃ ገንዳ፣ አንዳንድ ጊዜም አየር ወደተነፋበት ትልቅ ፍራሽ፣ በመጨረሻ በረዶ ላይ። በገንዳው ውስጥ ከሥር አየር ስለሚነፋ ውኃው አረፋ እያወጣ ይለዝባል፣ የወደቀውንም አይጎዳውም።

ጠያቂ፦ በኢትዮጵያ የመጀመሪያው እርከን አለ ማለት ነው?

መምህር፦ አለ። ሰርከስ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 አዲስ አበባ ላይ ከተመሠረተ ወዲህ በደብረ ብርሃንም ሰርከስ ተቋቁሟል፣ ፈቃት ሰርከስ በ2004 ተከትሏል፤ ወጣቶቹ በፍራሽ ላይ የሚሠሩት የተጠማዘዘ ግልበጣ ከኤሪያልሱ ጋር አንድ ሕግ ነው የሚገዛው። ልዩነቱ ፍጥነቱና በእግር የታሰረው ክብደት ነው፤ ረጅም ስኪ ክብደትን ከዛቢያው ስለሚያርቅ ለማዞርም ለማስቆምም ያስቸግራል፣ ስለዚህ ያለ ስኪ የተማረ ሰው ዙሩን እንደገና መለማመድ ይገባዋል።

ጠያቂ፦ እንግዲህ በደብረ ታቦር ያለ ወጣት ከየት ይጀምር?

መምህር፦ ከወፍራም ፍራሽና ግልበጣን ከሚያውቅ አሰልጣኝ። በዚህ ከተማ ክበብ የሚያቋቁሙ ሰዎች ዘላዮችን ከመመዝገባቸው በፊት እነዚህን ሁለቱን ያሟሉ፤ እስከዚያው ድረስ ግን ብቻውን በሣር ላይ ሊገለበጥ የሚሞክርን ልጅ መከልከል የወላጅም የመምህርም ግዴታ ነው።