ፕላስቲክ የሚያከማቹ ከሆነ፦ መጋዘኑን ከመከራየትዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

ቃሊቲም ይሁን ገላን፣ አዲስ መጋዘን ሊያዩ ሲሄዱ አከራዩ ወደ ጣሪያው እያመለከተ «ስፕሪንክለር ተገጥሞለታል» ሊልዎት ይችላል። ቀዩ ቧንቧ ተዘርግቶ ሲታይ ልብ ያርፋል። እዚያው ቆመው ግን ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ይህ የተሰላው ለምን ዓይነት ዕቃ ነው? ስንት ሜትር ከፍታ ድረስ ለሚደረደር? ስፕሪንክለር የሚነደፈው ከሕንፃው ይልቅ ውስጡ የሚቀመጠውን ዕቃ ታስቦ ነው። የቆርቆሮና የሚስማር መጋዘንን የሚያድን ውኃ የጀሪካንና የወንበር ቁልል ሲነድ ምንም ላይፈይድ ይችላል።

መልሱ በቃል ብቻ እንዳይሆን። የአሜሪካው የስፕሪንክለር መመዘኛ ኤንኤፍፒኤ 13 ስርዓቱ በስንት ሊትርና በምን ግፊት እንደተሰላ የሚገልጽ ሰሌዳ በዋናው ቧንቧ አጠገብ እንዲሰቀል ያዛል። ሰሌዳው ከሌለ የንድፍ ስሌቱን ወረቀት ይጠይቁ። ወረቀቱም ከሌለ ስርዓቱ የለም ብለው ዋጋ ይደራደሩ።

በ1982 እ.ኤ.አ. በፔንሲልቬንያ ፎልስ ታውንሺፕ የነበረው የኬማርት ማከፋፈያ መጋዘን ከ11 ሄክታር በላይ ስፋት ነበረው፤ ስፕሪንክለርም ነበረው። እሳቱ የያዘው ግን የስፕሬይ ጣሳዎችን ነበር። የሚፈነዱት ጣሳዎች እየተወነጨፉ እሳቱን ከቦታ ቦታ አዛመቱት፣ ቧንቧው የሚሰጠው ውኃ አልበቃ አለ፣ መጋዘኑም ወደመ። የእርስዎ ዕቃ ስፕሬይ ባይሆንም ጥያቄው ያው ነው፦ ዕቃው ከውኃው ይበረታል ወይስ አይበረታም?

ፕላስቲክ ደግሞ ብርቱ ነው። አንድ ኪሎ እንጨት ሲነድ የሚሰጠው ሙቀት 17 ሜጋጁል ገደማ ሲሆን፣ ጀሪካን የሚሠራበት ፖሊኢታይሊን ግን ወደ 46 ይደርሳል። በዚያ ላይ ይቀልጣል፤ እየነደደ ይንጠባጠብና ከታች ያለውን ፓሌት ያያይዛል። በራክ (በረጅም የዕቃ መደርደሪያ) ላይ ሲሆን በቁልሎቹ መካከል ያለው ክፍተት እንደ ጭስ ማውጫ ሆኖ ነበልባሉን ሽቅብ ይስበዋል። ስፕሪንክለር በፊልም እንደምናየው ሁሉም ባንዴ አይከፈትም፤ እያንዳንዱ አፍ የሚከፈተው የራሱን ሙቀት ሲያገኝ ብቻ ነው። ስለዚህ ጥቂቶቹ ቶሎ ተከፍተው እሳቱን በእንጭጩ ካልቀጩት፣ በርካታ አፎች ይከፈቱና ውኃው ለሁሉም ያንሳል።

እንግዲህ የዕቃዎን ዝርዝር ይጻፉ። «ፕላስቲክ» ብቻ ብሎ መጻፍ አይበቃም። ፖሊኢታይሊን፣ ፖሊፕሮፒሊንና ፖሊስታይሪን መመዘኛው «ምድብ ኤ» በሚለው፣ እጅግ አስቸጋሪ በሆነው ክፍል ውስጥ ይገባሉ፤ ጠንካራው የፒቪሲ ቧንቧ ግን ቀለል ባለው «ምድብ ሲ» ነው። ቀጥሎ አስተሻሸጉን ይጻፉ፦ በካርቶን ነው ወይስ ዕርቃኑን? ካርቶን ውኃ ይጠጣል፣ እሳቱንም ያዘገያል። ዕርቃኑን የተደረደረ ፎም ከሁሉም የከፋ ነውና ለካርቶን ዕቃ የተሰላ ንድፍ ለፍራሽ አይሆንም። የእንጨት ፓሌትን በፕላስቲክ ፓሌት መለወጥ ብቻውን እንኳ ዕቃውን ወደ ከፋ ደረጃ ሊያወጣው ይችላል።

አሁን ወደ ውኃው እንምጣ፤ ብዙ ገንዘብ የሚወጣው እዚህ ነው። ለሱቅ የሚሠራ ተራ ስርዓት በስሌት በደቂቃ ከ1,100 ሊትር ትንሽ በላይ ይጠይቃል። ጣሪያው 9 ሜትር፣ ቁልሉ 7.6 ሜትር በሆነበት፣ በካርቶን የታሸገ ፕላስቲክ በራክ በሚቀመጥበት መጋዘን ግን «ኢኤስኤፍአር» የሚባለው፣ ፈጥኖ ተከፍቶ በትልልቅ ጠብታ እሳቱን የሚያፍነው ዓይነት ያስፈልጋል። የተለመደው ስሌት 12 አፎች ባንዴ ተከፍተው እያንዳንዳቸው በደቂቃ 370 ሊትር ገደማ ሲያፈሱ ነው። የእሳት አደጋ ሠራተኞች የሚጠቀሙበት ሲጨመርበት በደቂቃ 5,400 ሊትር ይሆናል። ለአንድ ሰዓት ሲባዛ 324 ሺህ ሊትር፤ ባለ 10 ሺህ ሊትር ሮቶ 32 ያህል።

አዲስ አበባ ውስጥ ውኃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ጥቂት አይደለም። ስለዚህ ከከተማው መስመር የተቀጠለ ቧንቧ ብቻ የሚያሳይዎትን አከራይ አይመኑ፤ ለእሳት ብቻ የተለየ፣ ለመጸዳጃም ለመኪና እጥበትም የማይነካ ማጠራቀሚያ ይፈልጉ። ማጠራቀሚያው ከመሬት በታች ከሆነ ፓምፑን ይመልከቱ። ውኃን ከታች ሽቅብ መምጠጥ ያለበት አግዳሚ ፓምፕ በእሳት ፓምፕ መመዘኛ በኤንኤፍፒኤ 20 አይፈቀድም፤ ወደ ውኃው ውስጥ የሚወርድ ቋሚ ፓምፕ ነው የሚፈለገው። መብራት ሲጠፋ የሚሠራ የናፍጣ ሞተርም ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚዘነጉት አንድ ነገር አለ፦ በከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው። መመዘኛው ከ91 ሜትር በላይ ለእያንዳንዱ 305 ሜትር ከሞተሩ ጉልበት 3 በመቶ እንዲቀነስ ያዛል። 2,300 ሜትር ላይ ሲሰላ ከአምስት አንዱ በላይ ጠፋ ማለት ነው። ካታሎግ ላይ የበቃ ሞተር አዲስ አበባ ላይ ላይበቃ ይችላል።

ራኩም ራሱ የንድፉ አካል ነው። በጭነቶቹ መካከል 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ካልተተወ ውኃው ወደ ታች አይወርድም። ዕቃ እንዳይወድቅ ተብሎ በየደረጃው ጣውላ ሲነጠፍም ያው ነው፤ ውኃው ከላይ ይቀራል፣ እሳቱ ከሥር ይነዳል። አፋቸውን ወደ ላይ ከፍተው የተደረደሩ ሳፋዎችና ባልዲዎች ደግሞ ውኃውን እየቀለቡ ያስቀሩታል፤ ኢኤስኤፍአር እንዲህ ላለ ዕቃ አይፈቀድም። በራኩ ውስጥ በየደረጃው የሚገጠም ስፕሪንክለር ይህን ችግር ያቃልላል፣ ከጣሪያ የሚፈለገውንም ውኃ ሊቀንስ ይችላል። ችግሩ ፎርክሊፍት ይገጨዋል፣ ራክ ሲነሳም አብሮ መነሳት አለበት። ራክዎን በየዓመቱ የሚያዘዋውሩ ከሆነ አልመክርዎትም።

ኢኤስኤፍአር ከሆነ ከቁልሉ ጫፍ እስከ ስፕሪንክለሩ 91 ሴንቲ ሜትር ባዶ መተው አለበት። በዓል ሲቃረብ የሚመጣው ትርፍ ዕቃ የሚወጣው በትክክል እዚያ ቦታ ላይ ነውና፣ ሊከራዩ ያሰቡትን ስፋት የዓመቱን ከፍተኛ ክምችት ይዘው ያስሉት።

በመጨረሻ የኪራይ ውሉን ይመልከቱ። ስፕሪንክለር ኖሮ ሳይሠራ ሲቀር በአሜሪካ ጥናቶች ዋነኛ ሆኖ የሚገኘው ምክንያት አንድ ሰው ውኃውን ዘግቶት መቆየቱ ነው። ቫልቩ ተከፍቶ በሰንሰለት ይቆለፍ። የናፍጣ ፓምፑ በየሳምንቱ ለ30 ደቂቃ ተነስቶ ይሞከር። ይህን የሚያደርገው አከራዩ ነው ወይስ እርስዎ? ናፍጣውንስ የሚሞላው ማን ነው? ከመፈረምዎ በፊት በውሉ ላይ ይስፈር፤ የሚያስቀምጡት የፕላስቲክ ዓይነትና የቁልሉ ከፍታም አብረው ይጻፉ።