አማርኛው ተተርጉሞ ሳለ ለምን አይታይም? የድረ ገጽ ጽሑፎች የሚፈለጉበት መንገድ

የስልኩን ቋንቋ አማርኛ ያደረገ ሰው፣ አማርኛ አለኝ የሚል ድረ ገጽ ከፍቶ እንግሊዝኛ ብቻ ሊያገኝ ይችላል። ግማሹ አማርኛ፣ ግማሹ እንግሊዝኛ የሆነበት ጊዜም አለ። ብዙዎች ጥፋቱን ከተርጓሚው ላይ ይጥላሉ። ይሁንና ትርጉሙ ተሠርቶ፣ ፋይሉም ሰርቨሩ ላይ ተቀምጦ፣ መተግበሪያው ሳያገኘው የሚቀርበት አጋጣሚ ጥቂት አይደለም። ፍለጋው እንዴት እንደሚካሄድ ለማየት ኤኤስፒ ዶት ኔት ኮር የተባለውን፣ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣውን የድረ ገጽ መሥሪያ ማዕቀፍ በምሳሌነት እንውሰድ።

በዚህ ማዕቀፍ ለተጠቃሚው የሚታዩ ጽሑፎች ከኮዱ ተለይተው ሬስኤክስ በተባሉ ፋይሎች ይቀመጣሉ። እያንዳንዱ ጽሑፍ መለያ ቁልፍ አለው፤ ኮዱ ቁልፉን ይጠራል፣ ማዕቀፉም በተጠቃሚው ቋንቋ የተጻፈውን ያቀርባል። የትኛው ፋይል የየትኛው ቋንቋ እንደሆነ የሚታወቀው በፋይሉ ስም መጨረሻ ላይ በሚጻፈው ኮድ ነው። የአማርኛ ኮድ «ኤኤም» ነው፤ አገር ሲጨመርበት ደግሞ ለኢትዮጵያ «ኤኤም-ኢቲ»፣ ለአሜሪካ «ኤኤም-ዩኤስ» ይሆናል።

ማዕቀፉ በመጀመሪያ የተጠቃሚውን ቋንቋ ያጣራል፤ በቅድሚያ የድረ ገጹን አድራሻ፣ ቀጥሎ ኩኪውን፣ በመጨረሻም ብራውዘሩ የሚልከውን የቋንቋ ዝርዝር ይመለከታል። ከዚያ ፋይሉን ከልዩው ወደ አጠቃላዩ እየሄደ ይፈልጋል። «ኤኤም-ዩኤስ» ከሌለ «ኤኤም»ን፣ እርሱም ከሌለ ኮድ ያልተጻፈበትን መነሻ ፋይል ይወስዳል፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ እንግሊዝኛ ነው። ፍለጋው ወደ ላይ እንጂ ወደ ጎን ወይም ወደ ታች አይሄድም።

በውጭ አገር የሚኖሩ አንባቢዎቻችንን የሚነካው እዚህ ላይ ነው። ፕሮግራመሩ የአማርኛውን ፋይል «ኤኤም-ኢቲ» ብሎ ብቻ ከሰየመው፣ ስልኩ «ኤኤም-ዩኤስ» ብሎ የሚልክ የዋሽንግተን ነዋሪ እንግሊዝኛ ይደርሰዋል። ብራውዘሩ «ኤኤም» ብቻ ብሎ የሚልክ የአዲስ አበባ ነዋሪም ዕጣው ያው ነው። ፋይሉ «ኤኤም» ቢባል ግን ሦስቱንም ያገለግላል። ስለዚህ ጽሑፉ ከአገር አገር በእርግጥ ካልተለየ በቀር የአገር ኮድ መጨመር ጥቅም አይታየኝም።

የአገር ኮድ ተገቢ ቦታው የቁጥርና የገንዘብ አጻጻፍ ነው፤ ማዕቀፉም ይህን ከጽሑፉ ቋንቋ ለይቶ ይይዘዋል። እዚህም ግን ጥንቃቄ ያሻል። የገንዘቡን ምልክት ማዕቀፉ ከተጠቃሚው አገር እንዲወስድ ከተተወ፣ 5,000 ብር አሜሪካ ባለ ስልክ ላይ 5,000 ዶላር ሆኖ ሊታይ ይችላል። ማዕቀፉ ምልክት ይለውጣል እንጂ ምንዛሪ አያሰላም። ለቤተሰቡ ገንዘብ የሚልክ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያሻውም። የገንዘቡ ዓይነት ከመጠኑ ጋር አብሮ መመዝገብ አለበት።

የፋይሉ ቦታም ሌላ ወጥመድ ነው። ፋይሎቹ ዘወትር «ሪሶርስስ» በሚባል አቃፊ ይቀመጣሉ፤ ስማቸውም ጽሑፉን ከሚጠራው የኮድ ክፍል ሙሉ ስም ጋር መግጠም አለበት። የፕሮጀክቱ ስምና የኮዱ መነሻ ስም ከተለያዩ ፍለጋው ይከሽፋል። ክሽፈቱም ድምፅ የለውም፤ ማዕቀፉ የስሕተት መልእክት በማሳየት ፋንታ ቁልፉን ራሱን እንደ ጽሑፍ ያቀርበዋል። ብዙዎች እንግሊዝኛውን ዓረፍተ ነገር ቁልፍ ስለሚያደርጉት ገጹ ደኅና ይመስላል፣ አማርኛ የማያነብ መርማሪም ምንም አይጠረጥርም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ የሚመለሰው ጽሑፍ «ሪሶርስ ኖት ፋውንድ» የሚል ምልክት ስለሚይዝ፣ ይህን እየመዘገቡ የጠፉትን ቁልፎች ማወቅ ይቻላል።

መተግበሪያው ሲታነጽ እያንዳንዱ ቋንቋ በየራሱ አቃፊ ውስጥ «ሳተላይት አሴምብሊ» የተባለ ፋይል ይሆናል፤ ይህን ጣቢያ ከሚያደርስልዎ ሳተላይት ጋር ስም እንጂ ዝምድና የለውም። ዋናውን ፋይል ብቻ ወደ ሰርቨሩ የቀዳ ሰው አማርኛውን እዚያው ትቶት ይሄዳል።

ፋይሉ ከተገኘ በኋላ የቀረው የሰዋስው ጉዳይ ነው። እንግሊዝኛን ተከትሎ ዓረፍተ ነገርን ቆራርጦ መቀጠል በአማርኛ አይሠራም፤ ግሳችን መጨረሻ ላይ ይመጣል፣ ጾታንም ይለያል። ሙሉው ዓረፍተ ነገር በአንድ ቁልፍ ሥር ይግባ። የላኪው ጾታ በማይታወቅበት ጊዜ «ልኳል» ወይም «ልካለች» ብሎ ከመገመት «ልከዋል» ማለት ይሻላል፤ አንቱታ አክብሮትም ነው፣ መፍትሔም ነው።

እንዲህ ያለ ድረ ገጽ የሚሠሩ ከሆነ፣ በአድራሻው መጨረሻ ላይ «ከልቸር» የሚለውን መለኪያ ጨምረው «ኤኤም»፣ «ኤኤም-ኢቲ» እና «ኤኤም-ዩኤስ» የሚሉትን በየተራ ይሞክሩ። ከሦስቱ አንዱ እንግሊዝኛ ካሳየ፣ ተርጓሚውን ከመጥራትዎ በፊት የፋይሉን ስም ይመልከቱ።